የተነገረውንና የታየውን ማመዛዘን፦ የሣይንስ ትምህርትና የማስተማሪያ መሣሪያዎች ድርሻ

መግቢያ

የሣይንስ ትምህርት ዓላማ ተመራማሪዎች የደረሱባቸውን እውነቶች ለተማሪው ማስታወቅ ብቻ እንዳልሆነ በየጊዜው በወጡ የሥርዓተ ትምህርት ሰነዶች ተገልጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ችግር የመፍታት ችሎታ ያላቸውን ዜጎች ማፍራትን ከዓላማዎቹ መካከል አስፍሯል። ይሁን እንጂ ዓላማው በሰነድ መስፈሩና በክፍል ውስጥ መፈጸሙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሚጠበውም ሆነ የሚሰፋው በየዕለቱ በሚሰጠው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የማመዛዘን ችሎታ በሣይንስ ትምህርት ውስጥ እንዴት እንደሚዳብርና እንዴትስ እንደሚመክን፣ ከቴሌቪዥን እስከ ኮምፒዩተርና የእጅ ስልክ ያሉት መሣሪያዎችም በዚህ ረገድ ምን ድርሻ እንዳላቸው ማብራራት ነው። ለማብራሪያው መነሻ የሚሆኑት በማናቸውም ትምህርት ቤት ሊሠሩ የሚችሉ ሁለት ሙከራዎች ናቸው።

1. ቴርሞሜትሩና መጽሐፉ ሲለያዩ

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ያልተነገረው ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ ግን ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ከሚኖረው ግፊት በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከውጭው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል በመሆኑ፣ ግፊቱ በቀነሰበት ቦታ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ከዚህም የተነሣ በአዲስ አበባ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በጋምቤላ ከተማ ደግሞ በ98 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ አገር ባቄላና አተር ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈጁበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

እንግዲህ አንድ የአዲስ አበባ ተማሪ ይህን ሙከራ ሲሠራ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ደርሶ ቆመ እንበል። በፊቱ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ያየውን ትቶ በደብተሩ ላይ 100 ብሎ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ መደምደም ነው። ሦስተኛው ያየውን በትክክል መዝግቦ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው መንገድ የሚናቅ አይደለም፤ መሣሪያ ሊሳሳት ይችላልና። ነገር ግን ጥርጣሬው ራሱ ሊፈተን ይገባዋል። በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት በአየር ግፊት መለዋወጥ እምብዛም ስለማይነካ፣ ያንኑ ቴርሞሜትር በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ አስገብቶ ዜሮ ማሳየት አለማሳየቱን መመልከት ይቻላል። ዜሮ ካሳየ ጥፋቱ የመሣሪያው ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄው ወደ ሌላ ምክንያት ይሻገራል ማለት ነው።

የተማሪው መልስ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ብቻ እየተመሳከረ በሚታረምበት ክፍል ግን ሙሉ ማርክ የሚያሰጠው የመጀመሪያው መንገድ ነው። ይህ ተማሪ ያጣው ነገር ስምንት ዲግሪ ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ዓይኑ ያየው ነገር ዋጋ እንደሌለው፣ የሚበጀውም የተነገረውን መልሶ መጻፍ እንደሆነ ተምሯል። ይህም ልማድ ነገ የጤና ባለሙያ ሆኖ የበሽተኛ የደም ግፊት ሲለካ፣ የግብርና ባለሙያ ሆኖ የማሳ ምርት ሲመዘግብ፣ መሐንዲስ ሆኖ የሲሚንቶን ጥንካሬ ሲፈትን አብሮት ይሄዳል። ሊሆን የሚገባውን ቁጥር አስቀድሞ የሚያውቅና የሆነውን የማይመዘግብ ባለሙያ የሚያደርሰው ጉዳት ለማንም ግልጥ ነው።

2. የማመዛዘን ችሎታ ሲባል

አሜሪካዊው ፈላስፋና የትምህርት ሊቅ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ስለ አስተሳሰብ በሚያትት መጽሐፉ፣ አንድን እምነት የሚደግፉትን ማስረጃዎችና የሚያስከትላቸውን ውጤቶች በጥንቃቄና በጽናት የመመርመርን ልማድ የትምህርት ዋና ግብ አድርጎ አቅርቧል። ዛሬ ሒሳዊ አስተሳሰብ የሚባለው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሒሳዊ አስተሳሰብ ሁሉን መጠራጠር፣ ወይም ታላላቆችን መቃወም ማለት አይደለም። ለአንድ አባባል የቀረበው ማስረጃ ምን እንደሆነ፣ ማስረጃው አባባሉን ይሸከም እንደሆነ፣ ያንኑ ነገር ሊያስረዳ የሚችል ሌላ ምክንያት ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ማለት ነው።

የሣይንስ ንቃት የሚባለውም የዚሁ አስተሳሰብ አንዱ ዘርፍ ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በሚያካሂደውና ፒሳ እየተባለ በሚጠራው ዓለም አቀፍ ምዘና፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የሣይንስ ንቃት በሦስት ችሎታዎች ተተንትኖ ነበር። እነርሱም የተፈጥሮ ክስተቶችን በሣይንሳዊ መንገድ ማስረዳት፣ ሣይንሳዊ ምርመራን ማቀድና መገምገም፣ መረጃንና ማስረጃን በሣይንሳዊ መንገድ መተርጐም ናቸው። ከሦስቱ መካከል በቃል ጥናት ብቻ ሊገኝ የሚችል አንድም የለም።

ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ለአገራችን ሙሉ በሙሉ እንግዳ ነው ሊባል አይቻልም። በአንድምታ ትርጓሜ ትምህርት መምህሩ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥቶ አያበቃም፤ «አንድም» እያለ ሌላ፣ ደግሞም ሌላ ፍቺ ያክልበታል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የተማረውን ከመድገም አልፎ የራሱን አዲስ ቅኔ እንዲያቀርብ፣ ጉድለቱም በመምህሩ ፊት እንዲታረም ይደረጋል። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለውም ብሂል የአገሩ ነው። በሌላ በኩል «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ምክርም የዚያው ኅብረተሰብ ነውና፣ ተማሪው ወደ ክፍል ሲገባ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበረታ የሚወስነው የክፍሉ ሥርዓት ነው። ሣይንስ በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር ቢኖር፣ ለአንድ ክስተት የተሰጡት ልዩ ልዩ «አንድም»ዎች እርስ በርሳቸው በሙከራ እንዲፈተኑ ማድረጉ ነው።

3. የሻማው ሙከራ

ሁለተኛው ምሳሌ በብዙ አገሮች መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲቀርብ የኖረው የሻማ ሙከራ ነው። በሳሕን ላይ ሻማ ይተከላል፤ ጥቂት ውሃ ይፈሰስበታል፤ ሻማው ይለኰስና ብርጭቆ ይደፋበታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሻማው ይጠፋል፤ ውሃውም ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይወጣል። ለዚህ የተለመደው ማብራሪያ እንደሚለው፣ ሻማው በብርጭቆው ውስጥ የነበረውን ኦክሲጅን ጨረሰው፤ ውሃውም የኦክሲጅኑን ቦታ ያዘ፤ ውሃው ከብርጭቆው አንድ አምስተኛ ያህል መያዙም ከአየር ውስጥ 21 በመቶው ኦክሲጅን ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

ማብራሪያው አጭርና ግልጥ ነው፤ ቁጥሩም የሚገጥም ይመስላል። ዳሩ ግን ትክክል አይደለም። ትክክል አለመሆኑንም ተማሪው ራሱ በዓይኑ ሊያረጋግጥ ይችላል።

አንደኛ፣ ውሃው መቼ እንደሚወጣ በጥንቃቄ ይታይ። ምክንያቱ ኦክሲጅን ማለቁ ቢሆን ኖሮ ውሃው ሻማው በሚነድበት ጊዜ ሁሉ በዝግታ ይወጣ ነበር። የሚታየው ግን አብዛኛው ውሃ የሚወጣው ሻማው ሊጠፋ ሲልና ከጠፋ በኋላ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ የብርጭቆው አፍ ይታይ። ብርጭቆው በሚደፋበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የአየር አረፋዎች በውሃው ውስጥ ወደ ውጭ ሲያመልጡ ይታያሉ። እንግዲያው ከውስጥ የወጣ አየር አለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በአንድ ሻማ ምትክ ሁለት፣ ቀጥሎም ሦስት ሻማ ተደርጎ በዚያው ብርጭቆ ይሞከር። በብርጭቆው ውስጥ ያለው የኦክሲጅን መጠን አልተለወጠም፤ ውሃው ግን በሻማዎቹ ቁጥር መጠን ከፍ እያለ ይሄዳል። ይህ ብቻውን የተለመደውን ማብራሪያ ለመጣል ይበቃል።

ትክክለኛው ምክንያት በአመዛኙ የአየሩ መሞቅና መቀዝቀዝ ነው። ነበልባሉ በዙሪያው ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀውም አየር ይስፋፋና ከፊሉ ያመልጣል። ሻማው ሲጠፋ የቀረው አየር ቀዝቅዞ ይኰማተራል፤ የውስጡ ግፊት ሲቀንስ የውጭው የአየር ግፊት ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አየር በአንድ ዓይነት ግፊት ሥር ሆኖ ከ90 ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀዘቅዝ ይዘቱ 19 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቁጥሩ ከኦክሲጅን ድርሻ ጋር መቀራረቡ ግጥምጥሞሽ ብቻ ነው፤ ስሕተቱ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የኬሚስትሪው ስሌትም ይህንኑ ያጠናክራል። ሻማው የሚጠፋው ኦክሲጅኑ ፈጽሞ አልቆ ሳይሆን መጠኑ ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። በዚያም ላይ የሻማ ሰም ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራል። ለምሳሌ 25 የካርቦን አቶም ያለው የሰም ሞለኪውል 38 የኦክሲጅን ሞለኪውሎችን ወስዶ 25 የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ይመልሳል። የሚፈጠረው የውሃ እንፋሎት ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ ቢለወጥ እንኳ፣ የሚጐድለው ጋዝ ከተወሰደው ኦክሲጅን አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነው።

የኦክሲጅንን ድርሻ በትክክል ለማሳየት የሚፈልግ መምህር ሻማውን ትቶ የብረትን ዝገት ቢጠቀም ይመረጣል። ከብረታ ብረት ሥራ ቤት የሚገኝ የብረት ብናኝ በረጠበ የመስተዋት ቱቦ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንዲጣበቅ ተደርጎ ቱቦው በውሃ ላይ ይደፋል። ብረቱ ሲዝግ ኦክሲጅኑን ወስዶ ጠጣር ነገር ስለሚያደርገው፣ የሚተካ ጋዝም ስለማይፈጠር፣ ሙቀትም እምብዛም ስለማይኖር፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሃው የቱቦውን አንድ አምስተኛ ያህል ወጥቶ ይቆማል። ሁለቱን ሙከራዎች ጐን ለጐን አድርጎ ማነጻጸር፣ ተመሳሳይ ውጤት ከተለያየ ምክንያት ሊመጣ እንደሚችል ተማሪውን በግልጥ ያስገነዝበዋል።

4. መሣሪያው የሚሰጠውና የማይሰጠው

ከላይ የተገለጡት ሙከራዎች በቴሌቪዥን ቢቀርቡ ምን ይገኛል? ምንስ ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ ኢትዮጵያ የራሷ ሰፊ ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የትምህርት ሚኒስቴር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ዘርግቶ ነበር። ሥርጭቱ በሚታይበት መሣሪያ ስም «ፕላዝማ» እየተባለ የሚታወቀው ይህ ትምህርት በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀና በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚሰጥ ነበር።

የዕቅዱ ዓላማ በቀላሉ የሚታይ አልነበረም። ቤተ ሙከራና ኬሚካል በሌለበት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራን በዓይኑ እንዲያይ፣ በገጠርና በከተማ መካከል ያለው የትምህርት ጥራት ልዩነት እንዲጠብ የታሰበ ነበር። በቅርብ ሊታይ የማይችለውን የሕዋስ ክፍፍል ወይም የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ በሥዕል ማሳየት መቻሉም ትልቅ ጥቅም ነው። ይህን ጥቅም መካድ ሚዛናዊነት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ሥርጭቱ የሚሄደው በራሱ ሰዓት ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ማያው በመሆኑ፣ ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው ለመግቢያና ለማጠቃለያ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ነበር። ተማሪው ያልገባው ነገር ቢኖር ማያውን አቁሞ መጠየቅ አይችልም። በማያው ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ቢጠይቅም የተማሪውን መልስ አይሰማም፤ የተመደበው ጊዜ ሲያልቅ መልሱን ራሱ ይናገራል። የንግግሩ ፍጥነትና የእንግሊዝኛው ክብደት፣ የመብራት መቋረጥም ሲታከልበት፣ ብዙ መምህራንና ተመራማሪዎች ያቀረቡት ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ነበር።

የጊዜው ጉዳይ ትንሽ ነገር አይደለም። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ጥናት፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰኮንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይታለች። ይህ ጊዜ ወደ ሦስት ሰኮንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል ግን የተማሪዎች መልስ ይረዝማል፤ ማስረጃ እየጠቀሱ መናገር ያዘወትራሉ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያነሡት ጥያቄም ይበዛል። እንግዲህ ማሰብ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ የተማሪውን ፊት የሚያየው መምህር ነው።

የፕላዝማው ልምድ ለዛሬውም ይሠራል። የቪዲዮ ትምህርት በእጅ ስልክ ላይ እንደተፈለገ ሊቆምና ሊደገም መቻሉ ከሳተላይቱ ሥርጭት የተሻለ ያደርገዋል። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለሕዝብ የቀረቡትና ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የበዙት፣ ጥያቄ ሲቀርብላቸው መልስ የሚጽፉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ከፍተዋል። እነዚህ ፕሮግራሞች የተማሩት ሰዎች ከጻፉት ጽሑፍ በመሆኑ፣ እንደ ሻማው ማብራሪያ በብዙ ቦታ የተደጋገመ ስሕተትን በተስተካከለ ቋንቋ ደግመው ሊያቀርቡ ይችላሉ። የቋንቋው ማማር ለአባባሉ እውነትነት ማስረጃ አለመሆኑን ያልተማረ ተማሪ በእነዚህ መሣሪያዎች ፊት መከላከያ የለውም። ሻማ፣ ብርጭቆና ውሃ ያለው ተማሪ ግን መልሱን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊፈትነው ይችላል።

5. በክፍል ውስጥ ሊደረግ የሚችል

ሪቻርድ ኋይትና ሪቻርድ ገንስተን የተባሉት የሣይንስ ትምህርት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ካብራሯቸው ዘዴዎች አንዱ በሦስት ደረጃዎች የቆመ ነው፤ መተንበይ፣ መመልከት፣ ማስረዳት። ዘዴው ወጪ አይጠይቅም፤ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍልም ሊሠራበት ይቻላል። በሻማው ሙከራ ላይ ሲተገበር የሚከተለውን መልክ ይይዛል።

ሀ) መተንበይ። መምህሩ ከሙከራው በፊት «አንድ ሻማ በነበረበት ሦስት ብናደርግ ውሃው ከፍ ይላል? ዝቅ ይላል? ወይስ እንደነበረ ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱንና ምክንያቱን በጽሑፍ ያሰፍራል። መጻፉ አስፈላጊ ነው፤ ያልተጻፈ ግምት ውጤቱ ከታየ በኋላ በቀላሉ ይለወጣልና።

ለ) መመልከት። ሙከራው ይሠራል፤ ተማሪው ያየውን ብቻ፣ ማብራሪያ ሳይጨምር ይመዘግባል። «ኦክሲጅኑ አለቀ» የሚለው ምልከታ አይደለም፤ ማንም ኦክሲጅን ሲያልቅ አላየም። «ሻማው ከጠፋ በኋላ ውሃው ወጣ» የሚለው ግን ምልከታ ነው። የእጅ ስልክ ካለ ሙከራውን ቀርጾ ቀስ አድርጎ መልሶ ማየት ውሃው የወጣበትን ቅጽበት ለመለየት ይረዳል። መሣሪያው በትክክለኛ ቦታው ዋለ የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው።

ሐ) ማስረዳት። ግምቱና ያዩት ነገር ካልተስማሙ ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ምክንያቱን ይወያያሉ፤ ልዩ ልዩ መላ ምቶችን ያቀርባሉ፤ ለእያንዳንዱም የሚፈትነውን ሌላ ሙከራ ያስባሉ። የመምህሩ ድርሻ መልሱን ፈጥኖ አለመስጠትና «ይህን እንዴት ልናረጋግጥ እንችላለን?» እያለ መምራት ነው። በመጨረሻ ግን ትክክለኛው ማብራሪያ በግልጥ ሊነገር ይገባል፤ ተማሪውን በጥርጣሬ ላይ ጥሎ መሄድ የማመዛዘን ትምህርት አይሆንም።

6. ለዕቅድ አውጪዎች የሚተርፍ ነጥብ

ማመዛዘን ከተማሪው ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከተፈተኑት መካከል 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ በወቅቱ ተገልጧል። ቁጥሩ አስደንጋጭ ነው። ሆኖም ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ጥፋቱን በአንድ ምክንያት፣ ለምሳሌ በመምህሩ ወይም በመጽሐፉ ወይም በቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ መጣል የሻማውን ማብራሪያ መድገም ይሆናል። ተማሪዎቹ የተፈተኑት በየትምህርት ቤታቸው ሳይሆን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የጸጥታ ችግርና የኮሮና ወረርሽኝ የትምህርቱን ሂደት አውከውት ነበር። ከእነዚህ ምክንያቶች የትኛው ምን ያህል እንደመዘነ ለማወቅ ሻማዎቹን አንድ በአንድ እየቀነሱ መሞከርን የመሰለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በተግባር ረገድ ሁለት ነገሮች ጐልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው ፈተናን ይመለከታል። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተንበትን ነው። «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» የሚል ጥያቄ እስከቀረበ ድረስ 100 የሚል መልስ ይመጣል። «በአዲስ አበባ በተደረገ ሙከራ ቴርሞሜትሩ 92 ቢያሳይ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? ግምትህን በምን ታረጋግጣለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ክፍለ ጊዜው ራሱ መልኩን ይለውጣል። ሁለተኛው የወጪ ቅደም ተከተል ነው። ለማያና ለኮምፒዩተር ገንዘብ ሲመደብ፣ ለቴርሞሜትር፣ ለመስተዋት ቱቦና ለመምህራን ሥልጠና የሚሆነው አብሮ ካልተመደበ፣ የተገዛው መሣሪያ የሚያስተላልፈውን ነገር የሚፈትንበት አቅም ያለው ክፍል አይኖርም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የቀረበው ሐሳብ ባጭሩ ሲገለጥ፣ የማስተማሪያ መሣሪያ ክስተትን ወደ ክፍል ሊያቀርብ ይችላል፤ ክስተቱንና ማብራሪያውን የሚያመዛዝነው ግን ተማሪው ነው፤ ለዚህም ጊዜና የሚነካው ነገር፣ ያየውን በመጻፉ የማይቀጣበት ክፍልም ያስፈልገዋል። ይህን ክፍል የሚፈጥረው መምህሩ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ሠልጣኞቻቸውን በዚህ ዘዴ ማስተማር ብቻ ሳይሆን ሠልጣኞቹ ራሳቸው በዚሁ ዘዴ እንዲማሩ ቢያደርጉ፣ ፈተና አዘጋጆችም ምልከታን የሚያከብር ጥያቄ ቢያወጡ፣ በቴርሞሜትሩ ላይ 92 ያነበበ ተማሪ 92 ብሎ ለመጻፍ አይፈራም።